ውኃ የሚጠጣ ውሻም ያብዳል፦ ሐይቅ ዳር ጡረታ ለምታስቡ

ደሴ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ጡረታቸው የተቃረበ ሰዎች ውሻቸውን ሊያሳዩኝ ሲመጡ የሚያጫውቱኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። የደሴዎቹ የጦሳ ብርድ ሰልችቷቸዋል። የኮምቦልቻዎቹ የፋብሪካና የከባድ መኪና ጫጫታ በቅቷቸዋል። 60 ዓመት ሲሞላ ወደ ሐይቅ መውረድ ነው ምኞታቸው፤ ሐይቅ የምለው በዚሁ ስም የሚጠራውን የወሎ ሐይቅና ዳሩ ያለችውን ከተማ ነው። ውኃው ዳር ትንሽ ቤት፣ አንድ ጀልባ፣ የቆሮሶ መንጠቆ፣ አንድ ታማኝ ውሻ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ልጆችም እንደልብ መጥተው ይጠይቃሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሲሳካላቸው ሳይ ደስ ይለኛል።

የሚያበሳጨኝ ከሐሳቡ ጋር ተጠቅልሎ የሚመጣው የተሳሳተ ወሬ ነው። በጣም ከሰለቸኝ ልጀምር።

«ውሻው ውኃ እየጠጣ ነው፤ ስለዚህ አላበደም።»

ይህን ያልሰማሁበት ሳምንት የለም ማለት ይቻላል። የተማረውም ያልተማረውም ይለዋል። ሐይቅ አካባቢ ደግሞ ይብሳል፤ «ኧረ ዶክተር፣ ሲዋኝ ነው የዋለው!» ብለው እንደ ማስረጃ ያቀርቡልኛል።

ውኃ መፍራት በሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የተነሣበት ሰው ሊጠጣ ሲሞክር የጉሮሮው ጡንቻ ይኮማተርና ያንቀዋል። እየቆየ ውኃ ማየት ብቻ ያስጨንቀዋል። ውሻ ላይ ግን ይህ አይታይም። ያበደ ውሻ ውኃ ሊጠጣ ይችላል። ቦርከናን ተሻግሮ ማዶ ያለውን ላም ሊነክስም ይችላል። ውኃ አቅርቦ መፈተን ምንም አያረጋግጥም።

ሌላው ችግር፣ ሰው ሁሉ ያበደ ውሻ ሲባል ያገኘውን እየነከሰ የሚሮጥ ብቻ ይመስለዋል። እንዲህ የሚያደርገው አለ። ዝም የሚለውም አለ። ጨለማ ጥግ ይፈልጋል፣ መንጋጋው ይወርዳል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ምግብ ይተዋል። ይኼኛው አያስፈራም፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው።

አንድ ከኮምቦልቻ የመጡ ጡረተኛ መምህር ውሻቸውን ይዘውልኝ መጡ። ለጥቂት ወራት ሐይቅ ዳር ዘመድ ጋ ሰንብተዋል። «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው መሰለኝ፤ አፉን መግጠም አቃተው» አሉኝ። ለሃጩ እንደ ክር ይንጠለጠላል። «ውኃ ግን ይጠጣል» አሉ፣ እኔን ለማረጋጋት። ጎድጓዳ ሳህን ሞልቼ ራቅ ብዬ ገፋሁለት። አፍንጫውን ነከረ። ምላሱን አወጣ፣ አስገባ፣ ደጋገመ። ከሩቅ ላየው የሚጠጣ ነው የሚመስለው። የሳህኑ ውኃ ግን አልጎደለም። የገባው ሁሉ ከአረፋ ጋር ተመልሶ ይወጣል። ጉሮሮው ሽባ ሆኗል፤ መዋጥ አይችልም።

«አፉ ውስጥ እጅ የከተተ አለ?» ስላቸው ዝም አሉ። እሳቸውና የልጅ ልጃቸው አጥንቱን ሲፈልጉ ነበር። የልጁ ጣት ተጭሯል። ያኔውኑ ሁለቱንም ወደ ጤና ተቋም ሰደድኳቸው። ውሻው ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እነሱ ክትባታቸውን ሳያቋርጡ ጨረሱ፤ ዛሬ ሁለቱም ደኅና ናቸው። «ውኃ ይጠጣል» ብለው እቤት ቢቀሩ ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ሰው ተርፎ አይታይም ማለት ይቀላል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ መንጋጋው የወረደ ውሻ ስታዩ አፉን ከፍታችሁ አትፈትሹ። እሰሩት፣ አጥር ውስጥ ዝጉበት፣ ባለሙያ ጥሩ።

ውሻ ከነከሳችሁ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ቧንቧው ሩጡ። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። 15 ደቂቃ ስል ሰዓት አይታችሁ ማለቴ ነው፤ ረጅም ነው። ቡና፣ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅጠል ምናምን አትደፍድፉበት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። የታዘዘላችሁን ክትባት እስከ መጨረሻው ውሰዱ። «ደኅና ነኝ» ብሎ መሃል ላይ ማቋረጥ ትልቅ ስሕተት ነው። ቫይረሱ በነርቭ እየተጓዘ ወደ አንጎል ሲወጣ ብዙ ጊዜ ወራት ይፈጅበታል፤ ከዓመት በላይ የቆየበትም አለ። ክትባቱ የሚያድነው ቀድሞ ከደረሰ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ሉዊ ፓስተር በውሻ የተነከሰውን ልጅ ያተረፈውም በሽታው ሳይነሣበት በፊት ስለጀመረለት ነው።

«እገሌ እኮ መድኃኒት አዋቂ ጋ ሄዶ ዳነ» የምትሉኝ፣ የነከሰው ውሻ በእርግጥ አብዶ ነበር? ከሚናከሱት ውሾች ብዙዎቹ ጤነኞች ናቸው። ጤነኛ ውሻ የነከሰው ሰው ምንም ቢጠጣ፣ ምንም ባይጠጣ በዚህ በሽታ አይሞትም። ከዚያ ያ ሰው «ዳንኩ» ብሎ ይመሰክራል። ምስክርነቱን ሰምቶ በእርግጥ ያበደ ውሻ የነከሰው ጎረቤቱ ክትባቱን ይተዋል። ጠበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ ዱዓም ይደረግ፤ ክትባቱን ሳያስቀር።

«የነከሰውን ውሻ ወዲያው መግደል ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። ባለቤት ያለው፣ የበሽታ ምልክት የማይታይበት ውሻ ከሆነ ታስሮ ለ10 ቀን መታየት አለበት። በለሃጩ በሽታውን የሚያስተላልፍ ደረጃ ላይ የደረሰ ውሻ በዚህ ጊዜ ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታል። 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ካለፈ በዚያ ንክሻ በሽታው አልተላለፈም ማለት ነው። ውሻው ሲጠበቅ የተነከሰው ሰው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ጤና ባለሙያው እንዳዘዘው ክትባቱን ይጀምራል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ውሻን ፀሐይና ረሃብ አያሳብዱትም፤ የሚያሳብደው ቫይረስ ነው፣ የሚመጣውም ከሌላ እንስሳ ንክሻ ነው። ቡችላም ያብዳል። ድመትም፣ አህያም፣ ላምም ያብዳሉ። የሐበሻ ውሻ ጠንካራ ነው፣ ግን ክትባት ያስፈልገዋል። ክትባት ውሻን አያፈዝም። በ3 ወሩ አስከትቡት፣ ከዚያ በየዓመቱ። ወደ ሐይቅ የምትሄዱ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት አስከትቡና የምስክር ወረቀቱን ያዙ።

«ሳንባውንና ጉበቱን ለውሻ ጣለው።» በፋሲካም በዐረፋም የማየው ነው። የበጉ ሳንባ ወይም ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ፣ እሱ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ተባይ ሊሆን ይችላል። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ፀጉሩ፣ ከፀጉሩ ወደ ልጆች እጅ ይሻገራል። ሰው ሆድ ከገባ ጉበት ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል፤ ቀዶ ሕክምና ድረስ ያደርሳል። እንዲህ ያለውን ሥጋ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ።

«የድመት ፀጉር ሳንባ ይበላል።» አይበላም። አለርጂ ያለበትን ሰው የሚያስነጥሰውና ትንፋሹን የሚያሳጥረው ከድመቷ ምራቅና ቆዳ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። አለርጂ ከሌለባችሁ ድመቷን ያዟት። ግን ዓሣ በርካሽ ተገኘ ብላችሁ ጥሬ ዓሣ ብቻ አትመግቧት። እዚያው አቅራቢያ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወጣው ካርፕ የሚባል ዓሣ ጥሬውን ሲዘወተር በሰውነቷ ያለውን ቫይታሚን ቢ1 ያጠፋል። ቀቅላችሁ፣ አጥንቱን ለቅማችሁ ስጧት።

አሁን ወደ ውኃው። «ውኃው ጥርት ያለ ነው፣ ምን ያደርገናል» የሚሉ ሰዎች እግራቸውን ነክረው ሲቀመጡ ሳይ ያመኛል። በሐይቅ ከተማ አካባቢ ቢልሃርዝያ እንዳለ በጥናት ታውቋል። የሚመጣው በመጠጣት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዋናው መንገዱ ቆዳ ነው። ተባዩ ከውኃ ቀንድ አውጣ ይወጣል፣ እየዋኘ መጥቶ ጤነኛ ቆዳ በስቶ ይገባል። ጥርት ያለ ውኃ ውስጥም ይኖራል፤ በዓይን አይታይም። በተለይ ዳር ዳሩን፣ ሣርና ቄጠማ ያለበትን ሽሹ። ጀልባ ስትገፉ ቦቲ ጫማ አድርጉ። የሐይቅ ውኃ ለመታጠቢያ ከፈለጋችሁ ቀንድ አውጣ እንዳይገባበት አጣርታችሁ ለ2 ቀን ከድናችሁ አቆዩት፤ ተባዩ በዚያ ጊዜ ይሞታል። የያዘው ሰው ፕራዚኳንቴል በሚባል ኪኒን ይድናል። ኪኒኑ ግን ክትባት አይደለም፤ ተመልሳችሁ ከገባችሁ ተመልሶ ይይዛችኋል።

ውሻችሁ ከሐይቁ ከጠጣ በኋላ አፍንጫው ቢደማ ደግሞ አልቅት ሊሆን ይችላል። በጉልበት አትጎትቱት፤ ወደ ሐኪም አምጡት።

ጀልባን በተመለከተ «ዋና እችላለሁ» የሚለው መልስ አይዋጥልኝም። ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቦታ አለው። በ20 ዓመታችሁ የነበራችሁ ትንፋሽ በ60 የለም። ጋቢ ለብሶ፣ ጫማ አድርጎ ውኃ ውስጥ መውደቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ልብሱ ውኃ ሲጠጣ ወደ ታች ይጎትታል። ላይፍ ጃኬት ከዳሩ ጀምሮ ይለበሳል፣ ጀልባው ውስጥ ተጥሎ አይቀመጥም። ጀልባው ከተገለበጠ እሱን ይዛችሁ ቆዩ። ዳሩ ቅርብ የሚመስለው ሁሉ ቅርብ አይደለም። መቅዘፍ ያማራችሁ በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ውኃው ፀባዩን ይለውጣል።

ውሻውን ስትወስዱት ማሰሪያውን ጀልባው ላይ አትቋጥሩ። ከተገለበጠ አብሮ ይሰምጣል። «ውሻ ሁሉ ዋና ያውቃል» ማለትም ልክ አይደለም፤ እግሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ አጭር እግርና ከባድ ጭንቅላት ያለው ቶሎ ይደክመዋል። መጀመሪያ ቁጭ ማለት አስተምሩት። ወፍ አይቶ ወደ አንድ ጎን ሲዘል ትንሽ ጀልባ ይገለብጣል።

የመጨረሻው ከሙያዬ ውጭ ነው፤ ግን ሰዎች ሲጎዱ ስላየሁ አልተወውም። «ከገበሬው መሬት ገዝቼ፣ ልክ ውኃው ጫፍ ላይ እሠራለሁ።» በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀፅ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በሽማግሌ ፊት የተፈረመ የሽያጭ ወረቀት ሕጋዊ አያደርገውም። ጡረታቸውን ሰብስበው እንዲህ ያለ ወረቀት የገዙ ደንበኞች አሉኝ፤ አሁን ወረቀቱም ገንዘቡም የለም። ከተማ ውስጥ በሊዝ መያዝ ወይም ካርታ ያለው ቤት መግዛት ይቻላል። የማትችሉ ተከራዩ።

ውኃው ጫፍ ላይ መሥራትም አይበጅም። ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። የሚገባለት ውኃ ሲበዛ ይሞላል፣ ሲያንስ ይሸሻል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን፣ ደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባበታል። ዳሩ እንዲህ የሚንቀሳቀስ ውኃ ነው። ቤታችሁን ከፍ ካለው ቦታ ላይ አድርጉት፣ ወደ ጀልባው በእግር ውረዱ። ቦታውን ከመያዛችሁ በፊትም አንድ ክረምት ተከራይታችሁ ሰንብቱበትና ውኃው የት ድረስ እንደሚመጣ፣ መንገዱ በጭቃ እንደሚዘጋ ወይም እንደማይዘጋ፣ ለእናንተም ለውሻውም ሐኪም ምን ያህል እንደሚርቅ በዓይናችሁ እዩት።