ሚረርለስ ካሜራ ምንድን ነው? የጀማሪውና የባለሙያውስ ልዩነት ምኑ ላይ ነው?

ካሜራ ሊገዛ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ብሎ ነው። እስቲ ሁለት ካሜራ እንይ። ካኖን ኢኦኤስ አር50 24.2 ሜጋፒክስል ነው። ካኖን ኢኦኤስ አር6 ማርክ 2ም 24.2 ሜጋፒክስል ነው። የመጀመሪያው በ2023 ገበያ ላይ ሲወጣ ያለ ሌንስ 680 ዶላር ገደማ ነበር። ሁለተኛው በ2022 መጨረሻ ሲወጣ 2,500 ዶላር ገደማ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱም ሚረርለስ ናቸው፤ አር50 የጀማሪው፣ አር6 ማርክ 2 የባለሙያው። ሁለቱም ላይ የሚገጥመው ሌንስ አንድ ዓይነት ነው። ኦቶፎከሳቸው (ካሜራው ራሱ ፎከስ የሚያደርግበት ዘዴ) እንኳ የሚጠራው በአንድ ስም ነው። ታዲያ ያ ሁሉ የዋጋ ልዩነት የት ገባ?

ቀትር ላይ እንጦጦ ወጥታችሁ በሁለቱም አንድ አንድ ፎቶ አንሱና ስልክ ላይ እዩት። የቱ በየትኛው እንደተነሳ መለየት ይቸግራችኋል። የባለሙያው ካሜራ ዋጋውን የሚያወጣው ነገር ሲበላሽ ነው። ሲጨልም፣ ሲዘንብ፣ ካርድ ሲበላሽ፣ «ቆይ አንዴ ድገሙት» ማለት በማይቻልበት ቦታ።

መጀመሪያ ግን ሚረርለስ የሚባለው ምኑ ነው?

ከሚረርለስ በፊት በተለመደው በዲኤስኤልአር ካሜራ ውስጥ ከሌንሱ ጀርባ ዘንበል ያለ መስታወት አለ። ከሌንሱ የሚገባውን ብርሃን ወደ ላይ መልሶ ወደ ዓይናችን ያደርሰዋል። ቁልፉን ስንጫን መስታወቱ ብድግ ይልና ብርሃኑ ወደ ፎቶ በሚቀይረው ሴንሰር ላይ ያርፋል። ሚረርለስ ይህን መስታወት አውጥቶ ጥሎታል። ብርሃኑ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ነው የሚያርፈው፤ እኛ የምናየው ደግሞ ሴንሰሩ የሚያየውን ነው፤ ከኋላ ባለው ስክሪን ወይም ዓይናችንን በምናስጠጋበት ቪውፋይንደር ውስጥ ባለች ትንሽ ስክሪን። ፎቶው ጨለማ ሊሆን ከሆነ ከማንሳታችን በፊት ጨለማ ሆኖ እናየዋለን። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ያለ አይመስለኝም። ሴንሰሩ ሁልጊዜ ስለሚያይ ካሜራው የሰው ዓይን ፈልጎ ፎከስ ማድረግ ይችላል። ጉዳቱ ባትሪ መብላቱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ2008 ፓናሶኒክ ሉሚክስ ጂ1ን ሲያወጣ ነው። ሶኒ በ2013 በኤ7 ፉል ፍሬም የሚባለውን ትልቅ ሴንሰር አመጣበት። ካኖንና ኒኮን ፉል ፍሬም ሚረርለስ ይዘው የመጡት በ2018 ነው። ዛሬ የሁለቱም ዋና ትኩረት እዚሁ ላይ ነው።

ወደ ሁለቱ ካሜራዎች እንመለስ። ትልቁ ልዩነት ሴንሰሩ ላይ ነው። የአር6 ማርክ 2 ሴንሰር ፉል ፍሬም ነው፤ 36 በ24 ሚሊ ሜትር። የአር50 ግን ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ነው፤ 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር። የትልቁ ስፋት የትንሹን 2.6 እጥፍ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ደጅ ላይ ጣሳና ሳፋ ብታስቀምጡ ሳፋው ብዙ ውሃ እንደሚይዘው ማለት ነው። 24 ሚሊዮን ፒክስሉ ያው ነው፤ ግን ትልቁ ላይ እያንዳንዱ ፒክስል ሰፊ ቦታ አለው፣ ብዙ ብርሃንም ይደርሰዋል። ስለዚህ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ከፍ ሲል በፎቶው ላይ አሸዋ የተበተነ የሚያስመስለው ኖይዝ በትልቁ ሴንሰር ዘግይቶ ይመጣል። በትንሹ በ3200 የምታዩትን ኖይዝ በትልቁ 8000 አካባቢ ስትደርሱ ታገኙታላችሁ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «በቃ፣ ፉል ፍሬም ነው የሚያዋጣው» ብሎ ይወስናል። አትቸኩሉ።

አር50 ብዙ ጊዜ የሚሸጠው 18-45 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኪት ሌንስ ጋር ነው። ይህ ሌንስ በጣም አቅርቦ የሚያሳይበት 45 ላይ ሲደርስ የሚከፈተው ቢበዛ እስከ ኤፍ/6.3 ነው (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ይሰፋል)። ጠባብ ነው። ካኖን ደግሞ ሲወጣ 200 ዶላር የነበረ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ/1.8 የአርኤፍ (ለካኖን ሚረርለስ የተሠራ) ሌንስ አለው። ከኤፍ/6.3 ጋር ሲነጻጸር የሚያስገባው ብርሃን 12 እጥፍ ገደማ ነው። ሴንሰሩን በማሳደግ ያገኘነው 2.6 እጥፍ ነበር።

በሥራ ላይ እንየው። ማለዳ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ተክሊል እየተፈጸመ ነው። ብርሃኑ ሻማና ጥቂት አምፖል ነው። ፍላሽ ማብራቱ ደግሞ ነውር ነው። ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/125 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ በኪት ሌንሱ አይኤስኦው 12800 ጠየቃችሁ እንበል። ያንኑ ካሜራ ሳትቀይሩ 50ውን ኤፍ/1.8 ብትገጥሙ 1000 አካባቢ ይበቃችኋል። ፎቶው ሌላ ካሜራ ያነሳው ይመስላል። ለዚህ ነው «ካሜራዬ ጨለማ ላይ አይረባም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌንሱን የሆነው። ጥሩ ሌንስ የያዘ የጀማሪ ካሜራ ኪት ሌንስ ከተገጠመበት የባለሙያ ካሜራ ይበልጣል። አንድ ነገር ግን እወቁ። በአር50 ላይ 50ው በፉል ፍሬም 80 ሚሊ ሜትር እንደሚያሳየው አቅርቦ ያሳያል። ለፊት ፎቶ ግሩም ነው። ጠባብ ሳሎን ውስጥ የቤተሰብ ፎቶ ለማንሳት ግን ግድግዳው እስኪገፋችሁ ድረስ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ።

እንግዲህ የባለሙያው ካሜራ የሚበልጠው በምንድን ነው? እኔን ብትጠይቁኝ ከሴንሰሩ በፊት የካርድ ማስገቢያውን አስቀድማለሁ። አር50 አንድ ሜሞሪ ካርድ ይይዛል። አር6 ማርክ 2 ሁለት ይይዛል፤ እያንዳንዱን ፎቶ በሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ መጻፍ ይችላል። ጥቅሙ ለሳምንታት ላይታያችሁ ይችላል። ከዚያ አንድ እሑድ ማታ ከሰርግ ስትመለሱ ካርዱን ኮምፒዩተር ላይ ትሰኩታላችሁ። «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ይጠይቃል። ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ሲስሙ፣ እናት ስታለቅስ፣ አያት ሲመርቁ፣ ሁሉም እዚያ ካርድ ላይ ነው። አንዳንዴ በሶፍትዌር ይመለሳል፣ አንዳንዴ አይመለስም። ሁለተኛ ካርድ ካለ ቡና እየጠጣችሁ ሌላውን ትሰካላችሁ። በክፍያ የሚሠራ ሰው ከዚህ በላይ ሌላ ምክንያት የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ሁለተኛው ብልጫው በእጅ የምንነካው ነገር ነው። አር50 ላይ ሹተርና አፐርቸር (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) የምንቀይርበት ጎማ አንድ ብቻ ነው፤ አንዱን ከቀየርን በኋላ ወደ ሌላው ለመሄድ ቁልፍ መጫን አለብን። ሌንሱ ላይ ያለው ቀለበት ሊያግዝ ይችላል፣ ግን ልምድ ይጠይቃል። አር6 ማርክ 2 ሦስት ጎማና ፎከሱን የምናንቀሳቅስበት ትንሽ ጆይስቲክ አለው። ሙሽራዋ ከጨለማ ሳሎን ወጥታ የቀትር ፀሐይ ላይ ስትቆም የብርሃኑ ልዩነት የትየለሌ ነው። ባለሙያው ዓይኑን ከቪውፋይንደሩ ሳያነሳ ሹተሩን፣ አፐርቸሩንና አይኤስኦውን በጣቱ ያስተካክላል። ጀማሪው ቁልፍ ሲፈልግ ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ገብታለች።

የሰውነት መንቀጥቀጥን የሚያካክሰው ስታብላይዜሽን ደግሞ በአር6 ማርክ 2 ሴንሰሩ ራሱ ላይ ተገጥሟል፤ በአር50 የለም፣ ሌንሱ ላይ ካለ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሻጮች ትንሽ ያጋንናሉ። ስታብላይዜሽን የእጃችሁን መንቀጥቀጥ እንጂ የሰውየውን እንቅስቃሴ አያቆምም። በሻማ ብርሃን የቆመ መስቀል በ1/10 ሰከንድ ጥርት አድርጋችሁ ልታነሱ ትችላላችሁ። እስክስታ የሚመታ ትከሻ ግን ስታብላይዜሽን ኖረም አልኖረም በ1/10 ጭጋግ ነው የሚሆነው። እሱን የሚያስቆመው ፈጣን ሹተር ነው። ለዚያ ደግሞ ብርሃን ያስፈልጋል፤ እንደገና ወደ ሌንስ ተመለስን።

ጥምቀትን ለሚያነሳ ሰው የውሃ መከላከያው ትልቅ ነገር ነው። ጎንደር የፋሲል መዋኛ ዳር ወይም ጃን ሜዳ የቆመ ሰው ውሃው ይደርሰዋል፤ ለዚያ ነው የሄደውም። አር6 ማርክ 2 አቧራና ጠብታ እንዳይገባው ተደርጎ የተሠራ ነው። አር50 እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። ይህም ቢሆን ካሜራውን ውሃ ውስጥ ንከሩት ማለት አይደለም፤ ሌንሱም እንዲሁ የተሠራ መሆን አለበት፣ ያ የ200 ዶላሩ 50 ደግሞ አይደለም። ለጀማሪው ላስቲክና ፎጣ ይያዝለት።

ባትሪው፦ አር50 1040 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ አር6 ማርክ 2 2130። እጥፍ ነው። አር50 የያዘ ሰው ሰርግ ሲሄድ ትርፍ ባትሪ ኪሱ ውስጥ ይኑር።

ቪዲዮ ለሚሠሩ ደግሞ አር50 ላይ 4ኬ በሰከንድ እስከ 30 ፍሬም ነው። አር6 ማርክ 2 60 ይደርሳል፤ ስሎው ሞሽን ለሚወዱ የሰርግ ቪዲዮ ሠሪዎች ይህ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። አር50 ሳያቋርጥ የሚቀርጸው እስከ 1 ሰዓት ነው፣ ሌላው እስከ 6 ሰዓት። የኛን ቅዳሴ ርዝመት ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። አር50 ማይክ ይቀበላል፣ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ግን የለውም። ድምፁ እየተበላሸ መሆኑን የምታውቁት ቤት ገብታችሁ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ ነው የሚያውቀው። አር50 ከላዩ ብቅ የሚል የራሱ ፍላሽ አለው፣ የባለሙያው የለውም። እስከዚህ ጀማሪው አሸነፈ። ነገር ግን የውጭ ፍላሽ የሚገጠምበት ቦታ ላይ አር50 የለመድነው የመሃል ፒን የለውም። የቆየ የካኖን ውጫዊ ፍላሽ (ስፒድላይት) ለመግጠም ኤዲ-ኢ1 የሚባል አስማሚ መግዛት ይጠይቃል። በመሃል ፒኑ ብቻ የሚሠሩት ርካሽ ፍላሾችና ፍላሽን ከርቀት የሚያስነሱ ትሪገሮች ደግሞ በቀጥታ አይተኩሱም። ፎቶ ቤት ለመክፈት ያሰበ ሰው ይህን ሳያጣራ አር50 እንዳይገዛ።

«ባለሙያ» የሚለው ቃል ራሱ ሰፊ ነው። አር6 ማርክ 2 የካኖን ቁንጮ አይደለም፤ ከሱ በላይ አር5 ማርክ 2ና አር1 አሉ። የኒኮን ዜድ9 ብርሃኑን የሚከፍትና የሚዘጋ ሜካኒካል ሹተር ጭራሽ የለውም፤ ሴንሰሩ ራሱ በጣም ፈጣን ስለሆነ። እነዚህ ለኳስ፣ ለሩጫ፣ ለዱር እንስሳት ናቸው። ለሰርግና ለልደት የሚገዛቸው ሰው ብዙውን አቅማቸውን ሳይነካው ይሸጣቸዋል።

የጀማሪው ካሜራ የሚበልጥበት ቦታም አለ፣ ያውም ትንሽ አይደለም። አር50 ከባትሪና ካርዱ ጋር 375 ግራም ነው። አር6 ማርክ 2 670 ግራም ነው፤ ላዩ ላይ 24-70 ኤፍ/2.8 ሌንስ ሲጨመርበት ሌላ 900 ግራም። ክብደት ያለው ካሜራ ቤት ይቀራል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ትልቅ ካሜራ አንግቶ መንገድ ዳር መቆም «ፈቃድ አለህ?» የሚል ጥያቄ ያመጣል። ትንሿን ይዞ የሚዞር ሰው ቱሪስት ይመስላል፣ ሰዉም ፊቱን አያኮሳትርም።

ለልጆቻችሁ፣ ለጉዞ፣ ለዩቲዩብ ወይም ለመማር ከሆነ አር50ንና አንድ ጥሩ ሌንስ ያዙ። በብድር ፉል ፍሬም መግዛት ምንም አያስተምራችሁም። ድሮ በዲኤስኤልአር ዘመን የተገዙ የኢኤፍ ሌንሶች ቤት ካሉ አትሽጧቸው፤ በካኖን አስማሚ ሁለቱም ካሜራ ላይ ፎከሳቸውን ይዘው ይሠራሉ። ሰው ከፍሏችሁ ሰርግ ማንሳት ከጀመራችሁ ግን ሁለት ካርድ የሚይዝ ካሜራ ያስፈልጋችኋል። መግዛት ካልቻላችሁ ለዚያ ቀን ተከራዩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ የሚያከራይ አይጠፋም። ከሰርጉ አንድ ቀን ቀድማችሁ ተረከቡትና ሁለት ካርድ አስገቡበት። ሜኑው ውስጥ ሁለቱም ላይ እንዲጽፍ መደረጉን ራሳችሁ አረጋግጡ። ሲመጣላችሁ ብዙ ጊዜ አንዱ ላይ ብቻ እንዲጽፍ ተደርጎ ነው የምታገኙት።