ሪዳ ምንድን ነው? የከዱት ምኑን ነው?

ቃሉ ዐረብኛ ነው። መመለስ፣ ወደ ኋላ ማለት። በሃይማኖት ቋንቋ ከእስልምና መውጣት ነው፤ የወጣው ሰው ሙርተድ ይባላል። በታሪክ ግን «የሪዳ ጦርነቶች» ሲባል አንድ የታወቀ ነገር ነው፦ ነቢዩ ሙሐመድ እ.ኤ.አ. በ632 ካረፉ በኋላ ብዙ የዐረብ ጎሳዎች ለመዲና አንገዛም ሲሉ፣ የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡበክር ጦር ልከው መልሰው ያስገበሩበት ዘመቻ።

እስከዚህ ድረስ ብዙም ጭቅጭቅ የለም። ጭቅጭቁ ያለው «ለምን አመፁ?» ላይ ነው። ስሙ ገና ሳትጠይቁት ስለካዱ ነው ብሎ ይመልስላችኋል። ስሙን ያወጡት ደግሞ ያሸነፉት ናቸው።

ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን አመፀኞቹ አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። አንዳንዶቹ ይሰግዳሉ፤ ዘካውን፣ ማለትም ግዴታ የሆነውን ምጽዋት፣ ግን ወደ መዲና አንልክም አሉ። ቃል የገባነው ለነቢዩ ነው፣ እሳቸው አርፈዋል፣ አቡበክር ምናችን ነው? ይህንኑ የሚል ግጥም ሁሉ አለ፤ ግማሹ የባለቅኔው የሑጠይአ ነው ይላል፣ ግማሹ የወንድሙ። በኋላ ሁለተኛው ኸሊፋ የሆኑት ዑመር እንኳ መጀመሪያ ላይ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ያለን ሰው እንዴት እንወጋለን ብለው እንደተከራከሩ ሐዲሱ (ስለ ነቢዩና ባልደረቦቻቸው የተላለፈው ዘገባ) ላይ አለ። አቡበክር ግን ለነቢዩ ይሰጡ የነበረችውን አንዲት የፍየል ግልገል ቢከለክሉኝ እዋጋቸዋለሁ አሉ። በሌላው ዘገባ ግልገል ሳትሆን የግመል ማሰሪያ ገመድ ናት።

ሌሎቹ የራሳቸው ነቢይ የነበራቸው ናቸው። ሙሰይሊማ በመካከለኛው ዐረቢያ ባለችው በየማማ፣ ጡለይሓ ከበኑ አሰድ፣ ሰጃሕ የምትባል ሴትም ነበረች። ግን ልብ በሉ፣ ሙሰይሊማ ነቢይ ነኝ ያለው ነቢዩ ሙሐመድ በሕይወት ሳሉ ነው። እንደዚሁ ነቢይ ነኝ ያለው የየመኑ አል-አስወድማ እሳቸው ከማረፋቸው በፊት ተገድሏል። ጣሊያናዊው የታሪክ ጸሐፊ ካኤታኒም ይህን ይዞ፣ ብዙዎቹ ጎሳዎች መጀመሪያውኑ ስላልሰለሙ ሊክዱ አይችሉም እስከ ማለት ሄዷል። እኔ ይህኛው በዛ ይለኛል፤ ዘካ ከልካዮቹ ሰልመው እንደነበር ግልጽ ነው።

የምንጮቹ መለያየት በደንብ የሚታየው በማሊክ ኢብን ኑወይራ ታሪክ ነው። ማሊክ ከተሚም ጎሳ የበኑ የርቡዕ አለቃ ነበር፤ ነቢዩ ዘካ ሰብሳቢ አድርገውት ነበር። ማረፋቸውን ሲሰማ የሰበሰበውን ለባለቤቶቹ መለሰ። የአቡበክር የጦር አዛዥ የኻሊድ ኢብን አል-ወሊድ ጦር መጥቶ ያዘው፤ ተገደለም፤ ኻሊድም ሚስቱን አገባ። አብሮ የዘመተው አቡ ቀታዳ «አዛን ብለዋል፣ ሰግደዋል» ብሎ መሰከረ። ዑመር ኻሊድ ይሻር አሉ። አቡበክር ደግሞ አምላክ የመዘዘውን ሰይፍ እኔ ወደ ሰገባው አልመልስም አሉ።

ታዲያ ማሊክ ለምን ተገደለ? አንዱ ዘገባ ስለ ነቢዩ ሲናገር «ጓደኛችሁ» በማለቱ ነው ይላል፤ የእኔ አይደለም እንደማለት። ሰይፍ ኢብን ዑመር የተባለው የኋላ ዘመን ታሪክ ተራኪ የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። ሌሊቱ ብርድ ነበር፣ ኻሊድ «ምርኮኞቻችሁን አሙቋቸው» አለ፣ ቃሉ በአንዳንዶቹ ዘዬ «ግደሏቸው» ማለት ስለሆነ ጠባቂዎቹ ገደሏቸው። ኻሊድም ንጹሕ፣ ማሊክም ንጹሕ፣ ጥፋቱ የቋንቋ! ሰይፍ ራሱ የተሚም ሰው መሆኑን ስታስቡት ደግሞ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። የሐዲስ ሊቃውንት ደካማ ተራኪ ነው ብለውታል፤ ግን ታዋቂው የታሪክ ጸሐፊ አል-ጠበሪ ስለ ሪዳ ሲጽፍ በብዛት የተደገፈው እሱ ላይ ነው። አል-ጠበሪ ያረፈው በ923 ነው፣ ከነገሩ ወደ 290 ዓመት በኋላ። ሺዓዎች ይህን ታሪክ አቡበክርን ለመንቀፍ ያነሡታል፤ ብዙ ሱንኒዎች ኻሊድ መስሎት የተሳሳተው ነው ብለው ያልፉታል።

ሙሰይሊማን ማን ገደለውም ቢሆን አልተስማሙበትም። የታሪክ ጸሐፊው አል-በላዙሪ እንደመዘገበው እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሰው ያቀርባል፤ አንዳንድ አንሷሮች (ነቢዩን የተቀበሉት የመዲና ሰዎች) አቡ ዱጃናን፣ ሌሎቹ ዐብዱላህ ኢብን ዘይድን፣ በኋላ ኸሊፋ የሆነው ሙዓዊያም እኔ ነኝ ይል ነበር ተብሏል። በጣም የታወቀው ግን የሐበሻው የወሕሺ ነው። በኡሑድ ጦርነት የነቢዩን አጎት ሐምዛን በጦር የገደለው፣ በኋላም የሰለመው ወሕሺ። እሱ ራሱ እንደተረከው፣ የማማ ላይ ጦሩን ወርውሮ ሙሰይሊማን ደረቱ ላይ መታው፤ ወዲያው አንድ አንሷር ደርሶ ራሱን በሰይፍ መታ። ከቤት ጣሪያ ላይ ሆና የምታይ አንዲት ልጅ ግን ስትጮህ የተሰማው «ወዮ ለአለቃችን! ጥቁሩ ባሪያ ገደለው» እያለች ነበር።