የድሮ የካዚኖ ቺፕ፦ እውነተኛነቱና ዕድሜው እንዴት ይታወቃል?

ለገጣፎ ወይም ሰበታ ከውጭ የተመለሰ ሰው ቤት ቡፌ ውስጥ፣ አልፎ አልፎ አንድ ክብና ባለቀለም ነገር ይገኛል። ከአንድ ብር ሳንቲም በጣም ይሰፋል። መሀሉ ላይ የሆቴል ስምና ቁጥር አለው። አንዱ ከቤሩት የእሑድ ገበያ፣ ሌላው ከአሜሪካ ጋራዥ ሴል (ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት) በርካሽ ያመጣው የካዚኖ ቺፕ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው። እውነተኛ ነው? ያወጣል?

ካዚኖ ውስጥ ተጫዋቹ ገንዘቡን በቺፕ ይለውጣል፤ ሲጨርስ የቀረውን ካሸር ዘንድ ወስዶ ይመነዝራል። ቺፕ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ከዝሆን ጥርስና ከአጥንት ይሠራ ነበር። ከ1880ዎቹ ወዲህ ሸክላን ከሼላክ (የሙጫ ዓይነት) ጋር ቀይጦ መጭመቅ ተለመደ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እስከ ዛሬ የሸክላ ቺፕ ይባላል እንጂ ንጹሕ ሸክላ አይደለም። እንደ ጀበና ቢሆን ኖሮ በወደቀ ቁጥር ይሰበር ነበር። የተለመደው የአሜሪካ ቺፕ ስፋቱ 39 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም ከ8 እስከ 10 ግራም አካባቢ ነው።

ሰው ቺፕ ሲያገኝ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው መሀል ባለው ስም ላይ ነው። እኔ ግን ዳር ዳሩን አስቀድሙ ባይ ነኝ። ስምን ማንም አትሞ ሊለጥፍ ይችላል። የሸክላ ቺፕ ግን በጋለ ቅርጽ ማውጫ ሲጨመቅ፣ የፋብሪካው ምልክት ፊቱ ላይ ዳሩን ተከትሎ ዙሪያውን ተቀርጾ ይቀራል። ባርኔጣና ከዘራ ካያችሁ የፖልሰን ሥራ ነው። ይህን ኩባንያ ፖል ኤንዲ በ1963 አቋቋመው። እንግዲህ ሻጩ «የ1950ዎቹ ነው» እያለ ቺፑ ባርኔጣና ከዘራ ካለበት፣ ወሬው አልገጠመም። ትንንሽ ዘውዶች የተደረደሩበት ከሆነ ደግሞ ሎስ አንጀለስ የነበረው ቲ አር ኪንግ ይታሰባል። በአውሮፓ በኩል ትልቁ ስም በ1923 የተመሠረተው የፈረንሳዩ ቡርጎኝ ኤ ግራሴ ነው። እሱም በ2002 ከፖልሰን ጋር ተቀላቅሏል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ፖልሰን ባርኔጣና ከዘራውን ለቤት መጫወቻ በሸጣቸው ቺፖች ላይም አድርጎታል። ምልክቱ ፋብሪካውን ይናገራል እንጂ ካዚኖ መግባቱን አይመሰክርም።

ለምርመራው ልዩ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ቃሊቲና አቃቂ ያሉ ቶርኖ ቤቶች ካሊፐር (ስፋት መለኪያ) አላቸው። የሰፈር ወርቅ ቤት ሚዛን ደግሞ ግራሙን እስከ ነጥቡ ይነግራችኋል። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔትም አስጠጉት። ማግኔት ከሳበው፣ ክብደቱም 11.5 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና ዳሩ ላይ የዳይስ (ባለ ነጥብ መጫወቻ ኪዩብ) ሥዕል ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ብረት የተቀበረበት ርካሽ የፕላስቲክ መጫወቻ ነው። ብዙውን ጊዜ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የአውሮፓ ካዚኖዎች በፕላስቲክ ቺፕ ይጠቀማሉ፤ መሀሉ ላይ ብረት የሚታይ የላስ ቬጋስ ቺፕም አለ። ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ወይን ጠጅ መብራትም ይጠቅማል። አንዳንድ ቺፕ መሀሉ ላይ ወረቀት አለው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የታተመ ወረቀት በዚያ ብርሃን ቦግ አይልም።

ቁጥሩና ገንዘቡ ብዙ ያወራሉ። ካዚኖ ዱ ሊባን ከቤሩት በስተሰሜን፣ ጁኒየህ አጠገብ፣ በ1959 ተከፈተ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት በ1989 ተዘግቶ በ1996 እንደገና ሥራ ጀመረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ ዶላር ሦስት የሊባኖስ ሊራ ገደማ ነበር፤ ከ1997 በኋላ ለብዙ ዓመታት 1,500 ገደማ ሆኖ ቆየ። ስለዚህ 10 ሊራ የሚል ቺፕ ከጦርነቱ በፊት የነበረ መሆኑ ያመዝናል፤ በሺዎች የሚቆጥር ከሆነ የቅርብ ነው። ከዱባይ የተገዛ ቺፕ ካለ ደግሞ ዱባይ ካዚኖ የላትምና መነሻውን ሌላ አገር ፈልጉ።

ላስ ቬጋስን መለየት ይቀላል። ከተማዋ ያለችባት የኔቫዳ ግዛት ቁማርን የፈቀደችው በ1931 ነው፤ የሆቴሎቹም መክፈቻና መዝጊያ በደንብ ይታወቃል። ሳንድስ ከ1952 እስከ 1996፣ ዱንስ ከ1955 እስከ 1993፣ ስታርደስት ከ1958 እስከ 2006 ሠርተዋል። ቀለሙም ልማድ አለው፦ ቀይ 5 ዶላር፣ አረንጓዴ 25፣ ጥቁር 100። ዋጋ ያልተጻፈበት ከሆነ የሩሌት (በሚሽከረከር ጎማ ላይ ኳስ የሚጣልበት ቁማር) ቺፕ ሊሆን ይችላል። ሩሌት ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ቀለም ይሰጠዋልና። ችግሩ ታዋቂ ስም አስመሳይ አያጣም። ድሮ የፈረሱ ካዚኖዎችን ስም ይዘው ለሰብሳቢ ገበያ ብቻ የተሠሩ፣ ጠረጴዛ አይተው የማያውቁ ቺፖች ሞልተዋል። በጣም አዲስ የሚመስል የ1950ዎቹ ቺፕ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ 100 ዶላር የሚል ጽሑፍ 100 ዶላር አይደለም። ቺፕ ካዚኖው ያለበት ዕዳ ምስክር ነው፤ ካዚኖው ቀን ቆርጦ ከአገልግሎት ሊያወጣው ይችላል። በዲሴምበር 2010 የሞተር ሳይክል ሄልሜት ያጠለቀ ዘራፊ ላስ ቬጋስ ያለው ቤላጂዮ ገብቶ የ1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቺፕ ይዞ ወጣ። ካዚኖው ባለ 25,000 ዶላሩን ቺፕ ሻረው፤ በእጁ ያለው ሰው እስከ ኤፕሪል 2011 እንዲመነዝር ተነገረው። ዘራፊውም ሊሸጠው ሲሞክር ፖሊስ እጅ ወደቀ። ከተዘጋ ካዚኖ የመጣ ቺፕ ከሰብሳቢ በቀር የሚቀበለው የለም። ሰብሳቢ ደግሞ የሚከፍለው ለብርቅነቱ ነው፤ ሺዎች የተረፉለት ሆቴል ቺፕ ብዙም አያወጣም። የመሰረዣ ቀዳዳ የተበሳበት ከሆነ ዋጋው ይወርዳል፤ ግን ለማስታወሻ ምን ይላል?

ሁለቱን ፊትና ጠርዙን በቀን ብርሃን፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ለማሳመር ብላችሁ ግን ሳሙና ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ መሀሉ ያለው ወረቀት ይነሳል። በረኪናማ ጭራሽ አይታሰብ። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ማንሳት ይበቃዋል።