ብሩታሊዝም ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ያለ አንድ ጅምር ሕንፃ ካሳፎርማው ሲፈታ ቆሜ አየሁ። ጣውላው ሲላቀቅ መልኩን አርማታው ላይ ትቶ ነው የሚሄደው። የእንጨቱ መስመር፣ አንጓው፣ ሁለት ጣውላ የተገጣጠመበት ቀጭን ጠርዝ፣ ሁሉም አለ። በጣት ሲነኩት ይሻክራል። በጣም ደስ አለኝ። ግን ልስን መምጣቱ አይቀርም። እኛ ባሕር ዳር ያልተለሰነ ግድግዳ ያየ ሰው "ምነው፣ ብር አለቀባቸው እንዴ?" ነው የሚለው።

ብሩታሊዝም ያንን ግድግዳ እንዳለ "አለቀ" ብሎ የሚያስረክብ የሥነ ሕንፃ ስልት ነው። ስሙ ጭካኔን ስለሚመስል ብዙ ሰው አስፈሪ ሕንፃ ማለት ይመስለዋል። መነሻው ግን ፈረንሳዮች "ቤቶን ብሩት" የሚሉት ነው፤ ጥሬ አርማታ እንደማለት። (አርማታ፣ ፌሮ፣ ካሳፎርማ የምንላቸውም ከጣሊያን የመጡ ናቸው። ግንባታ ቃሉን ይዞ ነው የሚዞረው።)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፓ ፈራርሳለች። ቤት አልባው ብዙ ነው፤ ብረት ደግሞ እንደልብ አይገኝም። ለ ኮርቡዚዬ የተባለው አርክቴክት ማርሴይ ላይ 337 መኖሪያ ቤቶች የያዘ አንድ ትልቅ ሕንፃ በአርማታ ሠራ፤ በ1952 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ብዙ ተቋራጭ ስለገባበት ፊቱ ወጥ አልሆነም። ለ ኮርቡዚዬ በልስን አልሸፈነውም። የጣውላው አሻራ እንዳለ ቀረ።

እንግሊዝ ውስጥ አሊሰንና ፒተር ስሚዝሰን የተባሉ ባልና ሚስት ሀንስታንተን ላይ በ1954 እ.ኤ.አ. የጨረሱት ትምህርት ቤት ደግሞ በብረት፣ በጡብና በመስታወት የተሠራ ነው። ቧንቧውና የመብራት መስመሩ ግን በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ነገሩ ሲሚንቶ ብቻ አይደለም። ሕንፃው በምን እንደቆመ ሳይደብቅ ማሳየቱ ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስትሄዱ የምትሻገሩትን የ17ኛው ክፍለ ዘመን የዓላታ ድልድይ አስቡት። ድንጋዩ ከነግንቡ ይታያል። ማንም "ሳይለስኑት ቀሩ" አይልም።

ታዲያ ለምን ተጠላ? አንዱ ምክንያት ዝናብ ነው። ውሃ መውረጃ በደንብ ካልተሠራለት በመስኮቱ ሥር ጥቁር መስመር እየሳለ ይወርዳል። የክረምታችንን ዝናብ ለሚያውቅ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ከዚያ የባሰው ከውስጥ የሚመጣው ነው። ደህና አርማታ ፌሮውን ከዝገት ይጠብቃል። ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ያንን መከላከያ ቀስ በቀስ ያዳክማል። ፌሮው ሲዝግ ያብጣል፤ ያበጠው ፌሮ ፊቱን ገፍቶ ይጥለዋል። ጥገና ካላገኘ ሕንፃው ቁስለኛ ይመስላል፤ ሰውም ጥፋቱን በስልቱ ላይ ያላክካል። ለንደን ውስጥ በ1972 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ሮቢን ሁድ ጋርደንስ የተባለ የመኖሪያ ሕንፃ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈርሷል። ከፊሉን ቆርጦ የወሰደው ሙዚየም ነው። እኔ ይሄ ያሳዝነኛል፤ ሰው እየኖረበት ቢታደስ ይሻል ነበር።

ባሕር ዳርም ብሩታሊዝም በተስፋፋበት ዘመን ነው ያደገችው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የተቋቋመው በ1961 እ.ኤ.አ.፣ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ደግሞ በ1963 ነው። ብሩታሊስት ናቸው ማለቴ አይደለም። ግን የዚያን ጊዜ ሕንፃ በየከተማው በአሉሚኒየምና በመስታወት ሲሸፈን ሳይ ሆዴ ይባባል። ፀሐያችን ላይ የመስታወት ፊት ውስጡን ምድጃ ያደርገዋል። ጥልቅ በረንዳና ወፍራም ግድግዳ ያለው የአርማታ ቤት ግን ቀን ላይ ጥላ ይሰጣል።

የጅምሩን ሕንፃ ባለቤት ትናንት አገኘሁት። የደረጃውን ግድግዳ ብቻ እንኳ ሳያስለስን ይተወው ዘንድ ለመንኩት። እጁን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየ። "እስቲ አናጢውን ላማክረው" አለኝ።