የባድ ብሬይንስ ቢጫ ካሴት፦ የሚወራውና እውነቱ

ባድ ብሬይንስ የሚባለው የፐንክ (ፈጣንና ጯሂ ሮክ) ባንድ በፈረንጆቹ 1982 በካሴት ያወጣው የመጀመሪያ አልበም 40 ዓመት አልፎታል። ሰሞኑን መልሼ ሳዳምጠው ነው የከረምኩት። ስለነዚህ የዋሽንግተን ዲሲ ልጆች የሚወራውና ካሴቱ ላይ ያለው ነገር ግን አራምባና ቆቦ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

«ፐንክ የነጭ ልጆች ሙዚቃ ነው»

ይሄን የሚል ሰው አልበሙን አልሰማውም። ዘፋኙ ኤች.አር.፣ ጊታሪስቱ ዶክተር ኖው፣ ቤዝ የሚጫወተው ዳሪል ጄኒፈርና ድራመሩ ኧርል ሃድሰን አራቱም ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ሃርድኮር የሚባለው ፈጣኑ ፐንክ ያለነሱ አይታሰብም። ማይነር ትሬት የሚባለውን የዲሲ ሃርድኮር ባንድ የመሠረቱት ልጆችና ዘፋኙ ሄንሪ ሮሊንስ እነሱን እያዩ ነው ያደጉት። ቢስቲ ቦይስም ቢሆኑ፣ ራፕ ሳይጀምሩ ገና ፐንክ ሲጫወቱ፣ ዓይናቸው እዚህ ባንድ ላይ ነበር።

«መሣሪያ መጫወት ስለማይችሉ ነው የሚጮኹት»

ይሄኛው ነው በጣም የሚያስቀኝ። ልጆቹ ፐንክ ከመጀመራቸው በፊት ማይንድ ፓወር በሚል ስም ጃዝ ፊውዥን ይሞክሩ ነበር፤ ማለትም ጣት የሚያስተሳስረውን፣ አስቸጋሪውን ዓይነት ጃዝ። «ቢግ ቴክኦቨር»ን ክፈቱና ስሙ። ጊታሩ ታፍኖ፣ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ እየከረረ ይመጣል፣ እናንተ ገና ምን ሊመጣ ነው ስትሉ ሁሉም በአንዴ ይለቁታል። በዚያ ፍጥነት እየሄዱ ደግሞ እኩል ቀጥ ይላሉ፤ አንድም የሚንጠባጠብ ድምፅ የለም። የኧርልን ድራም ለብቻው ለመከታተል ሞክሩ፣ ታዝናላችሁ፤ ለእጁ ማለቴ ነው። መጀመሪያ ሲሰማ ጩኸት ይመስላል፣ በደንብ ከለመዳችሁት በኋላ ግን የሚገርማችሁ ሥርዓቱ ነው።

«ሬጌዎቹ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ናቸው፣ ዝለላቸው»

አትዝለሏቸው! ከ15ቱ ትራኮች ሬጌዎቹ 3 ብቻ ናቸው፣ እውነት ነው። ግን አልበሙ በሙሉ 34 ደቂቃ ገደማ ሆኖ «አይ ላቭ አይ ጃህ» ብቻውን ከ6 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ሦስቱ ሲደመሩ ከአልበሙ ሲሶ በላይ ይይዛሉ። ይሄ ማረፊያ አይባልም። ቦብ ማርሌን መድረክ ላይ ካዩ በኋላ ወደ ራስተፈሪያን እምነት ገብተዋል፣ ስለዚህ «ሊቪንግ ባቢሎን» ላይ የምትሰሙት ሰው እየቀለደ አይደለም፣ እየጸለየ ነው ማለት ይቀላል።

«የሽፋኑ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ እንዲሁ ዲዛይን ነው»

ሽፋኑ ላይ መብረቅ የካፒቶልን (የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ) ጉልላት ይመታል። ቢጫው ሰፍቶ፣ አረንጓዴና ቀዩም አብረውት አሉ። ብዙ ሰው ቀለሞቹን የጃማይካ አድርጎ ያስባል፣ የጃማይካ ባንዲራ ግን ጥቁር፣ አረንጓዴና ወርቃማ ነው። ራስታዎች እነዚህን የወሰዱት ከእኛው ሰንደቅ ዓላማ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አንዳንድ ሀበሻ ሽፋኑን ሲያይ «የእኛ ልጆች ናቸው እንዴ?» ይላል። አይደሉም። የዲሲ ሀበሻ ሠፈሮች ዛሬ ቢደምቁም ባንዱን ከኢትዮጵያ ጋር ያገናኘው እምነቱ ነው።

«የፐንክ መልዕክት ምሬትና ተስፋ መቁረጥ ነው»

እዚህ ላይ ነው አልበሙ ሰውን የሚያስተው። «አቲቲዩድ» የሚለው ዘፈን ስለ ቀና አስተሳሰብ ነው፣ ሐሳቡም የመጣው ከናፖሊዮን ሂል መጽሐፍ ነው። አዎ፣ በ1937 የታተመው፣ እንዴት ሀብታም እንደሚኮን የሚያስተምረው የስኬት መጽሐፍ! መንገድ ላይ መጽሐፍ አዟሪዎች ዘርግተው ከሚሸጡት ዓይነት። ኤች.አር. ሀብቱን ትቶ ቀናውን መንፈስ ብቻ ወሰደና ከአንድ ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጮኾ ጨረሰው። እኔ የስኬት መጽሐፍ ብዙም አይዋጥልኝም፣ በዚህ ፍጥነት ሲነገረኝ ግን እሰማለሁ።

«መንግሥት ከዲሲ አግዷቸው ነበር»

የለም። «ባንድ ኢን ዲሲ» (Banned in D.C.፣ «ዲሲ ውስጥ የታገደ» ማለት ነው) የሚለው ዘፈናቸው የፈጠረው ወሬ ነው። በር የዘጉባቸው የከተማው ክለቦች ናቸው፤ ጭፈራው እየከረረ ሲሄድ የሚያስገባቸው ጠፋ። እንግሊዝ ለመሄድ ሞክረው ሳይገቡ ተመለሱ። በመጨረሻ ኒውዮርክ ከተሙ።

«በካሴት የወጣው ገንዘብ ስላልነበራቸው ነው፣ ዴሞ (የሙከራ ቀረጻ) ነው»

ገንዘብስ አልነበራቸውም፣ ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም። ያሳተመው ሮአር የሚባለው የኒውዮርክ ኩባንያ በዚያን ጊዜ ሥራው ካሴት ብቻ ነበር። ካሴት ርካሽ ነው፣ በፖስታ ይላካል፣ ከጓደኛ ተውሰህ ትቀዳዋለህ። የካሴት ዘመንን የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም። ቀረጻው ድምፁ ሻካራ ነው፣ ግን የታሰበበት አልበም ነው። በኋላ በሸክላም በሲዲም ወጥቷል፤ በ2021 ደግሞ ባንዱ የቀረጻዎቹን መብት መልሶ ይዞ ራሱ እንደገና አሳትሞታል። ለመጀመር የምትፈልጉ ከዚህኛው እትም ጀምሩ፤ ድምፁን ከፍ አድርጉ፣ ጎረቤት ካስፈቀዳችሁ በኋላ።