ማይክሮ ቲቺንግ ምንድን ነው?

ማይክሮ ቲቺንግ ትንሽዬ የማስተማር ልምምድ ነው። ዕጩ መምህሩ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አይዝም። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ለጥቂት ተማሪዎች፣ አንድ ክህሎት ብቻ ይዞ ይቆማል፤ ለምሳሌ ጥያቄ አጠያየቅን። አስተያየት ይሰጠዋል። ከዚያ ያንኑ ትምህርት አስተካክሎ ለሌሎች ተማሪዎች ይደግመዋል። የነገሩ ቁልፍ ይህ መድገሙ ነው።

ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሲሆን ከዩኒቨርሲቲው መምህር ከድዋይት አለን ስም ጋር ይነሳል። እዚያ ከዕጩው ፊት የሚቀመጡት እውነተኛ ተማሪዎች ነበሩ።

እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ተማሪ የሚሆኑት የክፍል ጓደኞች ናቸው። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ጋ ነው።

ተራዬ ሲደርስ የያዝኩት የ3ኛ ክፍል ክፍልፋይ ነበር። ብርቱካን ገዝቼ ገባሁ። ጠመኔው በላቤ ረጥቧል። «ከግማሽና ከሩብ የቱ ይበልጣል?» ብዬ ጠየቅሁ። «ቲቸር! እኔ ቲቸር!» አለ አንድ ጢማም ሰውዬ፣ እጁን እያወዛወዘ። ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ግማሽ!»። ገባችሁ? «አዎ!» አለቀ። ነገ ተራው የእነሱ ነውና ማን ያስቸግረኛል? የተሰጠኝ አስተያየትም «ጥሩ ነው፣ ድምፅህን ከፍ አድርግ» የሚል ነበር።

ፕራክቲከም (እውነተኛ ትምህርት ቤት ሄዶ ማስተማርን መለማመድ) ስወጣ ያንኑ ጥያቄ ለልጆች አቀረብኩ። ፊት ወንበር ላይ ያለች ልጅ «ሩብ» አለች። ለምን? «4 ከ2 ይበልጣላ!» ደርቄ ቀረሁ። ሌሰን ፕላኔ ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም። ዞር ብዬ ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ማጥፋት ጀመርኩ።

ጓደኞቼ እንዲህ ሊሳሳቱልኝ አይችሉም፤ ክፍልፋይ ከገባቸው ስንት ዓመታቸው! መድገሙስ? እሱም በሰዓት እጥረት ይቀራል። ክፍሉ 50 ሰልጣኝ ካለው፣ 10 ደቂቃ ለእያንዳንዱ ሲባል ከ8 ሰዓት በላይ ነው፤ ያውም አስተያየቱ ሳይቆጠር። ሁለተኛ ዙር ከየት ይመጣል?

አሰልጣኙ ትንሽ ብልሃት ካከለበት ግን ይሻሻላል። ሌላ ክፍል የነበረ ጓደኛዬ እንዳጫወተኝ፣ የእነሱ መምህር ልምምዱ ሳይጀመር ለሁለት ሰዎች ብጫቂ ወረቀት ይሰጥ ነበር። አንዱ ላይ «ተሳሳት» ይላል፤ ሌላው ላይ «ገባኝ በል፣ ግን አይግባህ»። ማን እንደያዘው የሚያስተምረው ሰው አያውቅም።