ንስሐ ምንድን ነው? ይገባል እንጂ አይሰማም

ሰሞኑን ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ስመጣ ሬዲዮ ላይ አንድ ተናጋሪ ስለ ንስሐ ያብራራ ነበር። «ንስሐ ማለት በአጭሩ የጥፋተኝነት ስሜት ነው» አለ። ስሜቱ ሰውን ስለሚጎዳ ቤተ ክርስቲያን ምእመናንን በጸጸት ማሰሯን ብትተው መልካም ነው ብሎም መከረ። ደንበጫ ስንደርስ ሾፌሩ ዘፈን ከፈተ፤ እኔ ግን እስከ ማርቆስ ድረስ ሰውየውን በልቤ ስሟገተው ሄድሁ።

እሱ ብቻ ቢሆን ባልተናደድሁ። አምና በአንድ ጉባኤ ላይ አንድ ሰባኪ «ካላለቀስህ ንስሐ አልገባህም» ሲል ሰምቻለሁ። አንዱ ያወግዘዋል፣ አንዱ ያመሰግነዋል፤ ሁለቱም ግን ንስሐንና ጸጸትን አንድ አድርገው ነው የሚጣሉት።

በቅኔ ቤት «ነስሐ» ሲባል «ተጸጸተ» ብሎ የፈታ ተማሪ አይቀጣም፤ ቃሉ ያንን ይዟል። ወንጌሉ ግን «ነስሑ እስመ ቀርበት መንግሥተ ሰማያት» (መንግሥተ ሰማያት ቀርባለችና ንስሐ ግቡ) ይላል። ትእዛዝ ነው። ስሜት እንዴት ይታዘዛል? ሰውን «ተነሥ» ይሉታል እንጂ «ይራብህ» አይሉትም። አማርኛችንማ ነገሩን ጨርሶታል፦ ጸጸት ይሰማል፣ ንስሐ ይገባል። «ንስሐ ተሰማኝ» የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። (የቅኔ ሰው «ይገባል» የሚለውን ኅብር፣ ማለትም «ወደ ውስጥ ይዘለቃል»ም «ተገቢ ነው»ም የሚለውን ሁለት ፍች፣ ሳያይ አያልፍም፤ እኔም አላለፍሁም።) ቅዱስ ጳውሎስም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት 7፥10 «ጸጸት የሌለበትን ንስሐ» ይላል። ሁለቱ አንድ ቢሆኑ ይህ «ውኃ የሌለበት ውኃ» እንደ ማለት ይሆን ነበር።

ለሬዲዮው ሰውም ለሰባኪውም መልሱ ይሁዳ ነው። ማቴዎስ 27ን ከቁጥር 3 ጀምሮ ያንብቡ። ይሁዳ ተጸጸተ። «ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ» ብሎ አፉን አውጥቶ ተናገረ። ሠላሳውን ብር መለሰ። ስሜት ንስሐ ቢሆን ኖሮ ከእሱ የበለጠ ንስሐ የገባ ማን ነበር? የጎደለው እንባ አይደለም፤ ፊቱን የሚያዞርበት ነው የጎደለው። ወደ ጌታ አልተመለሰም፤ ወደ ገዛ በደሉ ተመልሶ እዚያው ቀረ። ሊቃውንቱ ቀቢጸ ተስፋ፣ ተስፋ መቁረጥ፣ የሚሉት ይህን ነው። ጴጥሮስም ምርር ብሎ አለቀሰ፤ ነገር ግን ከወንድሞቹ አልተለየም፤ በባሕሩ ዳር ጌታ መሆኑን በሰማ ጊዜ ከታንኳው ዘሎ ወደ እሱ ዋኘ።

እዚህ ላይ ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ለእኛ ለካህናት ልበል። ይሁዳ የተናዘዘው ለካህናት አለቆች ነበር። መልሳቸው «እኛስ ምን አግዶን? አንተው ተጠንቀቅ» የሚል ነው። ሰው ተጨንቆ ሲመጣ ሰዓቱን የሚያይ የነፍስ አባት ይህን ቁጥር በየጊዜው ቢያነበው አይከፋም።

ነገሩን በእሾህ ልመስለው። ገበሬ ከሞፈሩ ኋላ ሲሄድ እሾህ ወጋው እንበል። ሕመሙ ጸጸት ነው። ሕመሙ ባይኖር እሾሁ እዚያው ያመረቅዝ ነበርና ሕመሙን አጥፉልን የሚለው ሰው እግሬን አደንዝዙልኝ፣ እሾሁ ይቆይ እንዳለ ነው። ካላለቀስህ የሚለው ሰባኪ ደግሞ እሾሁን መልሶ ያስረግጠዋል። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ወረንጦ ኑዛዜ ነው። ተረከዝ ሥር የገባውን ሰው ራሱ ጎንበስ ብሎ ማውጣት ስለማይመቸው እግሩን ለሌላ ይሰጣል፤ «አባ ይፍቱኝ» ማለት እግርን መስጠት ነው። ተናዛዡ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ከሸሸገ ጫፉ ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል፤ ሲነኩት ከፊተኛው ይብሳል። የነፍስ አባት ከኑዛዜ በኋላ የሚያዝዘው ቀኖናም ለተወጋበት የሚከፈል መቀጮ አይደለም፤ ቁስሉ እስኪጠግግ የሚታሰርበት ጨርቅ ነው። ለዚህ ነው ለነፍሰ ጡርና ለጎረምሳ፣ ለድኻና ለባለጸጋ አንድ ዓይነት ጾምና ስግደት የማይታዘዘው።

ምሳሌ ዘየሐጽጽ፣ ጎዶሎ፣ ነውና የእኔም ምሳሌ እዚህ ላይ ያነክሳል። እሾህ ሳናየው ይወጋናል፤ ኃጢአትን ግን አይተን ነው የምንረግጠው። እሾህ ደግሞ የሚያመው ባለቤቱን ብቻ ነው፤ ኃጢአት ግን ጎረቤትንም ያማል።

አሁን የምነግራችሁን በኑዛዜ አልሰማሁትም፤ በኑዛዜ የሰማ ካህን አይናገርም። በሽማግሌ ፊት፣ በአደባባይ የተባለ ነው። ሰውየው ሰባቱን አጽዋማት የሚጾም፣ ለደብሩ መጋረጃ ያገባ፣ በቅዳሴ እንባው የማይደርቅ ገበሬ ነበር። በየዓመቱ ግን እርሻ ሲገባ ከጎረቤቱ ድንበር አንዳንድ ትልም ይገፋል። ጎረቤትየው ተነሥቶ «እኔ ቅዳሴ ቆሜ ያን መጋረጃ ባየሁ ቁጥር የማየው ማሳዬን ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ። ገበሬው ሐሰተኛ አልነበረም፤ ጸጸቱ እውነተኛ ነበር። ችግሩም ይኸው ነበር፤ ጸጸቱ ስለሚያሳርፈው የገፋውን የድንበር ድንጋይ መመለስ አላስፈለገውም። አልቅሶ ሲወጣ የከፈለ ይመስለዋል። ዘኬዎስ ግን (ሉቃስ 19፥8) ማልቀሱ አልተጻፈለትም። የተጻፈለት የሀብቱ እኩሌታ ለድኾች፣ የበደለውም አራት እጥፍ ነው። የድንበሩ ድንጋይ በገመድ ተለክቶ ሲመለስ ሰውየው አላለቀሰም፤ ደስም ያለው አልመሰለኝም። ንስሐ የገባው ያን ቀን ነው ብል ግን አልፈራም።

መውጫ ያላገኘ ጸጸት የሚያደርሰውን ለማየት እሑድ ቤተ ክርስቲያን መቆም ይበቃል። ለቁርባን «ቅድሳት ለቅዱሳን» (ቅዱሱ ለቅዱሳን ነው) ሲባል ስንቱ ጎልማሳ ወደ ኋላ ይላል፤ ሥጋ ወደሙ ለሕፃንና ለሽማግሌ ብቻ የተሠራ እስኪመስል ድረስ። ትሕትና ይሉታል። እኔ ግን ብዙውን ጊዜ የማየው ፍርሃት ነው፤ ሃያ ዓመት «አይገባኝም» እያለ የቆየ ሰው በልጁና በሚስቱ ላይ የሚመረውም ያው ፍርሃት ነው። ዳዊት በመዝሙር 50 ንጹሕ ልብ ከለመነ በኋላ የሚጠይቀው «የማዳንህን ደስታ ስጠኝ» ብሎ ነው። የጠፋው ልጅም በመንገድ ላይ «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» የሚል ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፤ አባቱ ፊት ሲቆም ያንን ቃል ሳይል አባትየው ልብስ አምጡ አለ።

ከመጨረሴ በፊት፦ ጸጸት ሁሉ በደል አለ ማለት አይደለም። ልጇ በሕመም የሞተባት እናት «እኔ ነኝ የገደልሁት፣ ቀኖና ስጡኝ» ብላ ብትለምን ቀኖና አይሰጣትም። የሌለ እሾህ ፍለጋ ደህናውን እግር መቆፈር ነውና፤ ቀኖናው ራሱ «አዎ፣ አንቺ ነሽ» ይላታል። እሷ ዘንድ ተቀምጦ አብሮ ማልቀስ ነው። እንቅልፍና እህል እንቢ ካላት፣ ሞትን ማንሣት ከጀመረች ደግሞ ጠበሉም ሳይቋረጥ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ትወሰድ። ይህን ስል ቅር የሚላቸው ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ።